የክርስቲያን ነጋዴ ጨዋነት በዱከም ማዕድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአቃቂ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ መንገደኛ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዱከም ይደርሳል። ከተማዪቱን ከዚያ በፊት ያላያት ሰው ቢሆን እንኳ፣ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ በሥጋ ቤቶቹ ደጃፍ የተሰቀለውን ብልትና የቆሙትን መኪናዎች ብዛት ሲመለከት የት እንደ ደረሰ ሳይጠይቅ ያውቃል። በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡርም የመጣው በዚሁ አቅጣጫ ነበርና፣ አገሩ ከመንገደኛ ጋር ያለው ትውውቅ የትናንት አይደለም።

በቅርቡ ዘመን ግን ዱከም የመንገደኛ ማረፊያ ብቻ መሆንዋ ቀርቶ የሥራ ከተማም ሆናለች። ከ2000 ዓ. ም. ወዲህ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር በቻይና ባለሀብቶች በዚያ ተቋቁሟል፤ በ2004 ዓ. ም. ኋጂያን የተባለው የቻይና ኩባንያ በዚያው ሰፈር ጫማ መሥራት ጀመረ፤ በ2006 ዓ. ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ አዳማ የሚያደርሰው የፍጥነት መንገድ ተመረቀ። ፋብሪካ ባለበት ቦታ ሁሉ ካርቶን የሚያቀርብ፣ ዕቃ የሚያመላልስ፣ ለሠራተኛ ምሳ የሚያበስል፣ መኪና የሚጠግን፣ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ይፈለጋል። ይህም ሰው ሥራ የሚያገኘው በጨረታ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ገዢና ሻጭ ማታ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ስም ለስም ተዋውቀው፣ ጠባይ ለጠባይ ተመዛዝነው ነው። ከዱከም ገበታ ላይ ተነሥቶ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ያገኘ አባት ብዙ ነው። ከዚያው ገበታ ላይ ሕሊናውን ጥሎ የተመለሰም አይጠፋም።

እንግዲህ በዛሬው ጽሑፋችን ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚሁ የንግድ ሰዎች የትውውቅ ግብዣ ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህ ዓይነቱ ስብሰባ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር ይመስላቸዋል። ስሙና አደራረጉ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1939 ዓ. ም. ነው፤ ዛሬ ያሉት የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችም በ1995 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 341 መሠረት የሚሠሩ ናቸው። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የጽዋ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ እቁቡና እድሩ ነበሩ። በማኅበር የተቀመጠ ሰው ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ፣ ጽዋው በማን እጅ እንደሚዞር፣ ሙሴው ሲናገር ሌላው ዝም እንደሚል፣ ተረኛው ጽዋውን በአክብሮት ተቀብሎ ለሚመጣው ወር እንደሚዘጋጅ ከልጅነቱ ያውቃል። በእቁብ የተቀመጠም ቢሆን ዳኛውና ጸሐፊው ፊት ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ሁለተኛ እንደማይታመን ያውቃል። ይህን ሁሉ ያየ ክርስቲያን በሆቴል አዳራሽ ውስጥ የነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ሲገኝ እንደ ባዳ የሚደነግጥበት ምክንያት ሊኖር አይገባም ነበር። ነገር ግን ይደነግጣል፤ የሚደነግጠውም ይበልጡን በአንድ ነገር ነው። ያንንም በአንድ የምናውቀው ወጣት ላይ የደረሰውን በመተረክ እንገልጻለን።

ይህ ወጣት በአዲስ አበባ አነስተኛ የካርቶን ሥራ ያለው፣ በቤተ ክርስቲያን ያደገ፣ እናቱንና ሁለት እኅቶቹን የሚያስተዳድር ነው። አንድ ቀን በዕድሜ የሚበልጡት፣ በዱከም ለአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግዢ የሚሠሩ ሰው በስልክ ጠሩትና፣ ከውጭ የመጡ እንግዶች ስላሉ ማታ መጥቶ እንዲተዋወቃቸው ነገሩት። ቀኑ ሮብ ነበር። በጾም ቀን ሥጋ ቤቶቹ ቢቀዘቅዙም ሆቴሎቹ ለእንግዳ ማቅረባቸው አይቀርምና፣ ወጣቱ ሲደርስ ጥብሱ በሸክላ እየጨሰ በገበታው መካከል ተቀምጦ አገኘው። እንግዶቹ ይበላሉ፤ ጋባዡም ይበላሉ። «ቅረብ እንጂ ልጄ» አሉት።

ወጣቱ «ጾም ነኝ» ማለት አፈረ። እንግዶቹ ኋላ ቀር ይሉኛል ብሎ ፈራ፤ ጋባዡንም የነቀፍኋቸው ይመስላቸዋል ብሎ ተጨነቀ። ስለዚህ ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለ ሰዓት የምናመጣትን ቃል አመጣ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጨጓራዬን ስለሚያመኝ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል» አላቸው።

ጋባዡ ደግ ሰው ኖረው እጅግ አዘኑ። እርሳቸውም በጨጓራ ብዙ ዘመን እንደ ተሠቃዩ ተናገሩ፤ የሚያውቁትን ሐኪም ስም ነገሩት፤ በዚያም ሳያበቁ አሳላፊውን ጠርተው «ለዚህ ልጅ ለብ ያለ ወተት አምጣለት፤ ለጨጓራ ከዚህ የሚሻል የለም» ብለው አዘዙ። ወተቱ መጣ። እንግዶቹ ሁሉ በርኅራኄ ይመለከቱታል። ወጣቱም ሥጋውን በሐሰት ከሸሸ በኋላ፣ ሌላ ሐሰት ለመጨመር አፉ ተሳስሮ፣ በሮብ ማታ ወተቱን ጨለጠው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ በእሑድ ቀን ወጣቱ ከጓደኞቹ ጋር በዚያው ከተማ በአንድ ሥጋ ቤት ቁርጡን በአዋዜ እያጠቀሰ ሲበላ፣ እኒያው ሰው በአጠገቡ አለፉ። አዩት፤ ሰላምታም ሰጡት፤ ምንም አልተናገሩም። የካርቶኑ ትእዛዝ ግን ለሌላ ሰው ሆነ። በኋላ እንደ ሰማነው «በሆዱ የዋሸኝ ሰው በካርቶኑ ውፍረት አይዋሸኝም ብዬ እንዴት ልመን?» ብለው ነበር። በእውነቱ ለመናገር በዚህ ቃላቸው ልንፈርድባቸው አይቻለንም።

ወጣቱ ተክዞ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። አባም ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ ጾምህን የፈታው ወተቱ ይመስልሃልን? ወተቱ ሳይቀዳ በፊት እኮ ፈትተኸው ነበር» አሉት። ቀጥሎም የዳንኤልን ታሪክ እንዲያነብ አዘዙት።

የዳንኤልን ታሪክ እኛም ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ነገር ግን የምንሰማው ስለ አንበሶቹ ጕድጓድ እንጂ ስለ ማዕዱ ጨዋነት አይደለም። ዳንኤልና ጓደኞቹ በባዕድ አገር፣ በንጉሥ ቤት፣ ከንጉሡ ማዕድ እንዲበሉ ታዘዘላቸው። ዳንኤል እንዳይረክስ በልቡ ቈረጠ። ከዚህ በኋላ ያደረገውን ማስተዋል ይገባል። ሳሕኑን አልገፈተረም፤ የሚበሉትን አልነቀፈም፤ ታመምሁም አላለም። ወደ አለቃው ቀርቦ ለመነ። አለቃው ንጉሡን ፈርቶ ሲያመነታ፣ ዳንኤል ችግሩን ተረዳለትና በኋላ ለተሾመባቸው ሰው አሳብ አቀረበ፤ አሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ሰጥቶ እንዲፈትናቸውና በፊታቸው አይቶ እንዲፈርድ። አሳቡ ቁርጥ ነበር፤ አነጋገሩ ግን ለስላሳ ነበር። የሌላውንም ሰው ሥጋትና ክብር ጠበቀ። በዱከም ገበታ ላይ ለተቀመጠ ክርስቲያን ነጋዴ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ከወዴት ይገኛል?

ጌታችንም በወንጌል፣ ስንጾም ፊታችንን እንዳናጠቍር ይልቁንም ታጥበንና ተቀብተን እንድንገኝ አዝዟል። ስለዚህ በጾም ቀን በግብዣ የተገኘ ሰው እንደ ሐዘንተኛ አቀርቅሮ መቀመጥ፣ ወይም ሥጋ በሚበሉት ላይ ዓይኑን ማጕረጥረጥ አይገባውም። የጾም ሥርዓታችን ስንት ቀን እንደሆነ ለማያውቅ እንግዳ ስብከት የሚሰበክበትም ሰዓት አይደለም። ቢጠየቅ በአጭሩ ይመልስ፤ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀኖች በቀር ሮብና ዓርብ እንደሚጾም፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን እንደሆነ፣ በእነዚህም ጊዜያት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል እንደማይበላ መናገር ይበቃል። እንግዳው ደስ ብሎት ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም የራሱን አገር ሥርዓት ይነግረዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ መናገር ነው። ግብዣው በተነገረህ ሰዓት «በደስታ እመጣለሁ፤ ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ እኔ የጾም እበላለሁ፤ ሌላው እንደ ፈቀደ ይሁን» ብትል ጋባዡ አይጨነቅም፤ አንተም አትጨነቅም። የጭንቀቱ ሥር ድንገተኛነቱ ነው። ጋባዡ አንተ ከሆንህ ደግሞ ቀኑን መምረጥ በእጅህ ነውና፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ እያለ ሮብን መቅጠር ራስን በገዛ እጅ መፈተን ነው።

ጋባዥ የሆነ ሰው ሌላም ነገር ሊያስብ ይገባዋል። በአገራችን ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙም የክርስቲያኑን ዕርድ እንደማይበላ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በዚያም ገበታ ላይ ሁለቱም ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ጋር ጨርሶ ሥጋ የማይበላ የሩቅ አገር ሰው ሊኖር ይችላል። ታዲያ ሁሉን የሚያስተናግደው ማዕድ የትኛው ነው ቢባል፣ መልሱ በእናቶቻችን ጓዳ ያለው ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ስልጆው። የጾም በያይነቱ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ለባዕዱም ገበታ ሊሆን የሚችል ምግብ ነው። ብዙ ጋባዦች ይህን የሚያስቡት ለድሃ እንደ ማቅረብ ቈጥረው ሲሆን፣ ባለማስተዋላቸው እናዝናለን።

ጥሬ ሥጋንም በሚመለከት አንድ ቃል እንጨምር። ቁርጥ ለዱከም ክብሯ ነው፤ ለለመደውም ታላቅ ግብዣ ነው። ላልለመደው እንግዳ ግን «ካልበላህ አትወደንም» እያሉ በግድ ማጕረስ ነውር ነው። ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ አባቶቻችን ሳይንሱን ሳይሰሙ ያውቁ ስለ ነበር ነው ኮሶ በየጊዜው ይጠጡ የነበረው። እንግዳው ጥብስ ከፈለገ ጥብስ ይቅረብለት። ጕርሻም የፍቅር ምልክት ቢሆን፣ የሌላ ሰው እጅ ወደ አፉ ሲመጣ ለማያውቅ ሰው ድንጋጤ ነውና አስቀድሞ መንገር፣ ፈቃዱንም መጠየቅ ይገባል።

ስለ አቀማመጥ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በሠርግ ቤት ስለ ከበሬታ ወንበር ያስተማረውን የማያውቅ የለም። ሆኖም በንግድ ግብዣ ላይ የምናየው ተቃራኒውን ነው። ሰው እንደ ገባ ዓይኑን ወደ ባለገንዘቡ ይጥላል፤ ከአጠገቡ ያለውን ወንበር ለመያዝ ይሽቀዳደማል። በመንገዱም ላይ የቆሙትን ሾፌሮች፣ አስተርጓሚዎች፣ ጸሐፊዎች ሰላም ሳይል ያልፋል። ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ያጠለቀውን ወደ መልካም ስፍራ፣ ድሃውን ወደ እግር መረገጫ የሚያስቀምጡትን የገሠጸው እንዲህ ያለውን አይቶ ነው። የዓለሙንም ጥበብ እንኳ ብንከተል ሽቅድምድሙ ስንፍና ነው፤ ደብዳቤህ ከባለገንዘቡ ጠረጴዛ የሚደርሰው በጸሐፊው እጅ፣ ቃልህም ወደ ጆሮው የሚገባው በአስተርጓሚው አንደበት ነውና። በዚህ አጋጣሚ የምናስጠነቅቀው ሌላው ነገር፣ በገበታ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ሁሉ ጸሐፊ ወይም የአንዱ ሚስት አድርጎ መቍጠር ነው። በዛሬ ዘመን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እርስዋ ልትሆን ትችላለች፤ ባትሆንም ሰላምታና ክብር ይገባታል።

ሰላምታው ራሱ ትምህርት ያለው ነገር ነው። ዱከም በኦሮሚያ ምድር ያለች ከተማ ናት። የአገሩን ሽማግሌ በአፋቸው «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት ከረጅም ንግግር የበለጠ ፊት ይፈታል። ለታላቅ ሰው ቀኝ እጅን በግራ ደግፎ፣ ጥቂት ጐንበስ ብሎ መጨበጥ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ይህም ከቻይናዎች ልማድ ጋር የሚገጣጠምበት ቦታ አለ። እነርሱ የስም ካርድ ሲሰጡም ሲቀበሉም በሁለት እጃቸው ነው፤ የተቀበሉትንም ወዲያው ኪሳቸው አይከቱትም፤ አንብበው፣ በአክብሮት ተመልክተው ያስቀምጡታል። እኛ ግን ካርዱን ተቀብለን ሳናየው በኋላ ኪስ ውስጥ ከትተን እንቀመጥበታለን! በካርድ ፋንታ በስልክ ዊቻት ወይም ቴሌግራም መለዋወጥ በተለመደበት በዛሬው ዘመንም ቢሆን፣ የሰውየውን ስም በፊቱ ደግሞ መጥራትና በትክክል መጻፍ አይቅር።

ስለ ስም ካነሣን ዘንድ፣ ብዙ ጊዜ የሚፈጠር ስሕተት አለ። ቻይናዎች የቤተ ሰባቸውን ስም ያስቀድማሉ፤ የራሳቸውን ያስከትላሉ። ስለዚህ ሰውየው ዋንግ ብሎ ቢጀምር ዋንግ የዘር ስሙ ነውና «ሚስተር ዋንግ» ቢባል ትክክል ነው። እኛ ደግሞ የዘር ስም የለንም፤ ከስማችን የሚከተለው የአባታችን ስም ነው። ባዕዱ በእኛ ላይ የአውሮፓን ሥርዓት አድርጎ በአባታችን ስም ሲጠራን፣ ሟቹ አባታችን ለካርቶን ስምምነት የተጠሩ ይመስላል። በትውውቁ ጊዜ ፈገግ ብሎ «ስሜ የመጀመሪያው ነው» ብሎ ማስረዳት እንጂ መቀየም አይገባም። ብዙ የሳቀ ሰው ስምህን አይረሳም።

መጠጥን በሚመለከት፣ በቻይናዎች ገበታ «ጋንቤ» እየተባለ ጽዋ ይነሣል፤ ትርጕሙ ጽዋህን አድርቅ ማለት ነው። እኛም «ቅመስ፣ ድገም» የምንል ሕዝብ ነን። ሁለቱ ልማዶች በአንድ ገበታ ላይ ሲጋጠሙ ስንት መኪና በዚያ መንገድ ላይ በሌሊት እንደሚነዳ እያሰብን እንፈራለን። መጠጥ በልክ ለሚችል አባቶች አልከለከሉም፤ ነገር ግን ጽዋውን ማክበር ማለት መስከር ማለት አይደለም። በሻይም በአምቦ ውኃም ቢሆን ተነሥቶ ጽዋ ማንሣት ይቻላል፤ ከታላቅ ሰው ጋር ሲያጋጩም የራስን ብርጭቆ አፍ ዝቅ አድርጎ መንካት በእነርሱ ዘንድ ትልቅ አክብሮት ነው። ይህን ያደረገ ሰው በብርጭቆው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ስለ አነጋገር ከመጽሐፈ ሲራክ የሚበልጥ ነገር ልንናገር አንችልም። ያ ጠቢብ ለማዕድ ሰፊ ምክር ሰጥቷል። ዓይን ወዳየችበት ሁሉ እጅን አለመዘርጋት፣ የጎረቤትን ፍላጎት በራስ ፍላጎት መመዘን፣ ከሰው አስቀድሞ ከመብላት ማቆም፤ የግብዣ አለቃ የተደረገውም ሰው ራሱን ከፍ ሳያደርግ እንደ አንዱ ሆኖ አስቀድሞ ሌሎችን አስተናግዶ መቀመጥ፤ ወጣት ሲጠየቅ ብቻ በአጭር ቃል መናገር፤ በጊዜውም ተነሥቶ ወደ ቤት መሄድ። ይህን ምክር በዛሬው ስብሰባ ላይ ስንመለከተው የተጻፈው ለዱከም ይመስላል። ምክንያቱም በዚያ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ገና ሳይቀመጥ ዋጋ የሚጠራ፣ የሌለውን መጋዘን የሚቈጥር፣ ያላወቀውን ባለሥልጣን «ወንድሜ ነው» የሚል ሰው ነው። የትውውቅ ማታ የመሸጫ ማታ አይደለም። ያን ማታ የሚፈለገው ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚቸግረው፣ ምን እንደሚፈልግ መስማት ነው። ከራስህ አፍ ሁለት ቃል ቢወጣ ከእርሱ አፍ ዐሥር ይውጣ። የተፎካካሪህንም ስም በክፉ አታንሣ፤ ዛሬ የሚሰማህ ሰው ነገ በሌላ ገበታ የእኔን ስም እንዴት ያነሣው ይሆን ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ከገበታው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ የምትመጣ ሌላ ነገር አለች፤ እርስዋም «የእጅ መንሻ» የምትባለው ናት። ለበዓል ዳቦ መላክና ትእዛዝ ለማግኘት ገንዘብ በፖስታ ማስጨበጥ አንድ አይደለም። በ2007 ዓ. ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ጉቦ ሰጪውንም ተቀባዩንም ይቀጣል። በገበታ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሲወረወር፣ ያልሰሙ መስሎ በሳቅ ማለፍ ብዙ ጊዜ እንደ እሺታ ይቈጠራል። «ጋሼ፣ እኔ በዋጋዬ ውስጥ ይህን አላሰብሁም፤ ዋጋዬን ግን ዝቅ አድርጌ ላቅርብልዎ» ማለት ይቻላል። ይህን ብሎ ትእዛዙን ያጣ ሰው አይተናል፤ አላጣም ብለን አንዋሽም። ነገር ግን የካርቶን ትእዛዝ ሌላ ጊዜ ይገኛል።

ሒሳብ የመክፈያው ሰዓት ሲደርስ በአገራችን የሚነሣው ግርግር የታወቀ ነው። ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል፤ «በእግዚአብሔር፣ በማርያም፣ እኔ ልክፈል» ይባላል፤ አሳላፊው እጅ ይሳባል። ለዘመድ ጨዋታ ይህ ደስ ይላል። በንግድ ግብዣ ላይ ግን የጠራው ይክፈል፤ የተጠራው አመስግኖ በሚቀጥለው ጊዜ ይጥራ። ይልቁንም ስለ ጥቂት መቶ ብር የእመቤታችንን ስም ለመሐላ ማንሣት አይገባም። ከተመለሱ በኋላም በማግሥቱ አጭር የምስጋና ቃል መላክ፣ «ናሙና አመጣለሁ» የተባለውን በተባለው ቀን ማምጣት ይገባል። አዎን ያለው አዎን እንዲሆን የታዘዘው ለመሐላ ብቻ አይደለም፤ ለናሙናም ነው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ይህን የሚያነብቡት በቤታቸው ያሉ ሁሉ ነጋዴዎች እንዳልሆኑ እናውቃለን። ቢሆንም ልጁ ከዱከም ገበታ በፊት የሚቀመጠው ከእናንተ ገበታ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ቀርቦ ስሙን በጠራ ድምፅ ይናገር፤ ውኃ ለእጅ መታጠቢያ ያፍስስ፤ ከታላላቆቹ ጀምሮ ያስተናግድ፤ በማዕድ ላይ ስልኩን ያስቀምጥ። ከዚህም ሁሉ ይልቅ በሐሰት ከግብዣ ማምለጥን ከእናንተ እንዳይማር ተጠንቀቁ። ደጅ ሲንኳኳ «የለም በለው» የተባለ ሕፃን፣ አድጎ «ሐኪም ከልክሎኛል» ቢል ምን ይደንቃል?

ወደ ወጣቱ ታሪክ እንመለስ። ከንስሐ አባቱ ከተለየ ከብዙ ወራት በኋላ እኒያው የዱከም ሰው ደወሉለት። የያዙት አቅራቢ ሳያስቸግራቸው አልቀረም። «ዓርብ ማታ እንግዶች አሉኝ፤ ትመጣለህ?» አሉት። ወጣቱ ልቡ እየመታ እንዲህ አላቸው።

«እመጣለሁ ጋሼ። ግን አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅዎ የምፈልገው ነገር አለ። ያን ጊዜ ጨጓራዬን አላመመኝም ነበር፤ ሮብ ስለ ነበር ጾም ነበርሁ። ይህን ለመናገር አፍሬ ዋሸሁዎ። ዓርብም እጾማለሁ፤ ስለዚህ የጾም እበላለሁ።»

በስልኩ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ጠፋ።

«እሑድ ዕለት ካየሁህ ጀምሮ አውቄአለሁ» አሉት በመጨረሻ። «ምነው ያን ማታ ብትነግረኝ ኖሮ! እኔም እኮ እጾማለሁ። ኢትዮጵያውያኑ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ አንተ ስትመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የጾም አምጡልን ትላለህ ብዬ ስጠብቅ ሐኪም አልህ። እኔ እንግዶቹን አፍሬ ጥብሱን በላሁ።»

ከዚህ በኋላ ሁለቱም ሳቁ። ሽማግሌውም ወደ ሆቴሉ ለመደወል ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት፣ «በያይነቱ ለስንት ሰው ልዘዝ? እንግዶቹም ይቅመሱት እንዴ?» ብለው ጠየቁት።